ጣና ላይ የተባለ «ኖር»

ባላምባራስ ዘለቀ ማረፋቸው ሲነገረኝ ተቀምጬ ነበር። ባሕር ዳር፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ሆኜ ሽንኩርት ስልጥ አንድ የእስቴ ነጋዴ በአጥሩ በኩል ብቅ አለና፣ «የአገርሽ ሰው ባላምባራስ አረፉ፤ ተቀበሩም» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ደረቱን ይመታል። እኔ ብድግ አልሁ። ነጋዴው ወደ እሱ የምመጣ መስሎት ወደ ኋላ አፈገፈገ። የተነሳሁት ግን ለእሱ አልነበረም፤ እኒያን ሰውዬ ተቀምጦ መሸኘት ነውር ሆኖ ቢታየኝ ነው። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሽንኩርቱም አግዞኛል።

ያደግሁት እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ከእሳቸው አጥር ጥግ ነው። ንጉሡ በዙፋናቸው፣ ባላባቱም በርስቱ ላይ የነበረበት ዘመን ነው። ባላምባራስን ግን ሰው የሚያውቃቸው በሹመታቸውም በመሬታቸውም አልነበረም፤ በመነሳታቸው ነው። በእኛ አገር ሰው ሲመጣ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሳል፤ መጪው «በእግዜር!» ይላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይቀመጣል። ብዙው ሰው ወገቡን ከመደቡ ትንሽ ከፍ አድርጎ መልሶ ያሳርፋታል፤ አፉ «ኖር» ካለ ማን ይከራከረዋል? ባላምባራስ ግን ወንጌል እንደሚነበብ ሁሉ ሙሉ ቁመታቸውን ይቆማሉ። ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ፣ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ «በእግዜር» ካልተባሉ ደግሞ ሰማይ ቢወድቅ አይቀመጡም።

ለቄስ ይነሳሉ፣ ለለማኝ ይነሳሉ፣ እሳት ልትጭር ለመጣች የጎረቤት ልጅም ይነሳሉ። ያቺ ልጅ እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ደረስሁና ብድግ አሉልኝ። «በእግዜር» ማለት እንዳለብኝ ማን ነግሮኝ? የእሳት መጫሪያ ገሌን ይዤ ቆሜ አያቸዋለሁ፣ እሳቸውም ቆመው ያዩኛል። ሚስታቸው እሜቴ ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ በእግዜር በያቸው እንጂ፣ ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው!» ብለው ሲጮኹብኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

«ሰው ሲመጣ ያልተነሳ ወገብ ለአልጋ ይቸኩላል» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ደግሞ እንደ መካሪ ሳይሆን እንደ ሐኪም ነው።

አንድ ጊዜ ወሰን ገፋብኝ ያሉትን ሰው ከሰሱ። ችሎት ላይ ተቀምጠው ሳለ ተከሳሹ ዘግይቶ ገባ። ባላምባራስ ተነሱለት፤ «ኖር!» አሉት። ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ባላምባራስ፣ እንዲህ ከሚያከብሩት ሰው ጋር ምን አጣላዎት? በሌብነት የከሰሱት እሱን አይደለም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ሌብነቱን ከሰስሁ እንጂ ሰውነቱን መቼ ከሰስሁ» አሉ። ወሰኑ ተመለሰላቸው። ተከሳሹም «በእግዜር» ማለቱን አልረሳም፤ አገሩ እንዲህ ያለ አገር ነው።

እንግዲህ እኚህ ሰውዬ ናቸው በዕድሜያቸው አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ ሳይነሱ የቀሩት።

ያ ሰው ቄስ ፈንታ ነበሩ። የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ ከዚያም በፊት አብረው ጥጃ የጠበቁ፣ አብረው የተገረፉ ጓደኛቸው ናቸው። የቄስ ፈንታ ሚስት ሞታ ተዝካሯ ሲወጣ አገር ተሰብስቦ ዳስ ሙሉ ሰው ተቀምጧል። ቄስ ፈንታ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ወደ ዳሱ ገቡ። በቁማቸው ከስተዋል። ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ግልብጥ ብሎ ተነሳ። ባላምባራስ ግን ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥብቀው፣ መደቡ ላይ እንደ ተተከሉ ቀሩ። ቄስ ፈንታ አዩዋቸው። ሰውም ቄስ ፈንታ ሲያዩዋቸው አየ። ከዚያ «በእግዜር» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለመቀመጥ የሚያበቃ አልነበረም።

ባላምባራስ ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ሽማግሌ ቢጠይቃቸው፣ «ሆድ ይፍጀው» አሉ። አገሩ ምክንያት ሲጠፋበት ዝም የሚል አገር አይደለምና አንዱ በርስት ነው አለ፣ አንዱ ድሮ በሴት ነው አለ፣ አንዷ ደግሞ መተት ነው ብላ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ቄስ ፈንታም ቂማቸውን ውጠው፣ ሚስት የሞተችበት ቄስ እንደሚያደርገው መነኮሱና ከጣና ደሴቶች ወደ አንዱ ገቡ። ባላምባራስ ሌላ የንስሐ አባት እንዲይዙ ቢመከሩ፣ «የንስሐ አባት እንደ ሱሪ አይቀያየርም» ብለው እንቢ አሉ። ይህን ሲሉ እሜቴ ጥሩወርቅ መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ የባላቸው ግትርነት ያሳፈራቸው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እኔ አግብቼ ባሕር ዳር ገባሁ፤ ባለቤቴ አስተማሪ ነው። አንድ ጥር ወር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ በራችን ላይ ሦስት የአገሬ ሰዎች ቆመው አገኘኋቸው፤ ባላምባራስ፣ እሜቴ ጥሩወርቅ እና ጎረቤታቸው አያ ደምሴ። እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጥተው አቧራ ለብሰዋል። «ደሴቶቹን ልንሳለም ነው» አሉ ባላምባራስ። ቀልደው እንደሆነ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። በቅሏቸው የማትፈራውን ጅረት እሳቸው ፈርተው፣ ከበቅሏቸው ወርደው በድንጋይ በድንጋይ የሚሻገሩ ሰው ነበሩ። ግን ከስተዋል፣ ሌሊቱን ሙሉም ያስላሉ። እሜቴ ጓዳ ገብተው፣ «ልጄ፣ እሳቸው ክረምቱን የሚያልፉ አይመስለኝም። ያለ ንስሐ ሊሞቱብኝ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ሊሳለሙ የመጡት ደሴት ሳይሆን ሰው እንደ ሆነ ገባኝ። አያ ደምሴን ያመጧቸው ለሽፋን ነው። ምስኪኑ አያ ደምሴ ግን እውነት ለመሳለም የመጡ መስሏቸው ሦስት ቀን ጾመዋል።

አስረስ ከሚባል፣ ባለ ሞተር ጀልባ ካለው ሰው ጋር ተስማማን። አስረስ ትዕዛዙ አንድ ብቻ ነው። «ጀልባዬ ትንሽ ናት፤ ከተቀመጣችሁበት እንዳትነሱ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም» አለ። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ሚስታቸውን አዩ፤ እሜቴም እኔን አዩ።

መሳፈሩ ራሱ ግማሽ ጧት ፈጀ። «ይቅደሙ» ይላሉ አያ ደምሴ። «ኧረ በሥላሴ፣ እርስዎ እያሉ!» ይላሉ ባላምባራስ። አስረስ ገመዱን ይዞ ያዛጋል። በመጨረሻ ባላምባራስ ገቡና፣ «የክብሩ ቦታ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የክብር ቦታ የላትም አባቴ፤ ሚዛን ብቻ ነው ያላት» አለና ወፈር ያሉትን አያ ደምሴን መሐል ላይ አስቀመጣቸው። ባላምባራስ ዳር ደረሳቸው። ሚዛን የሚሉት ነገር ሹመት አለማወቁን የሚያስቡ ይመስሉ ነበር።

ጣና ያን ቀን እንደ ተኛ ነበር። ደሴቶቹ በሩቁ ጥቁር ደን ለብሰው ከውሃው ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች በላያችን ያልፋሉ፤ ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። እኔ ደስ ብሎኛል። እንግዶቼ ግን ለደስታ የመጡ አይመስሉም። አያ ደምሴ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸው ይስቃል» ይላሉ በየመሐሉ። ባላምባራስ በዚያ ሙቀት የሱፍ ካባቸውን አላወልቅም ብለው ያልባቸዋል። ድንገት ጉማሬ አጠገባችን ራሱን አውጥቶ ሲተነፍስ ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ሸርተት አሉ።

«አይነሱ!» አለ አስረስ።

«ለጉማሬ ልነሳ ነው እንዴ?» አሉ ተቆጥተው።

የመጀመሪያው ደሴት ሴትም የሚገባበት ነው። ቡናው ከዛፍ ሥር፣ ሎሚው ከቡናው መሐል በቅሎ ጥላው ብርድ ብርድ ይላል። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን። ባላምባራስ ላገኙት መነኩሴ ሁሉ እየተነሱ እየተቀመጡ፣ «ወደዚህ የእስቴ ሰው መጥቶ አያውቅም?» ይላሉ። ስም አይጠሩም። ስም ቢጠሩ ኖሮ በአንድ ጥያቄ ይጨርሱ ነበር፤ ግን ኩራት ከእግር በላይ ያስኬዳል። አንድ ሽማግሌ ወደ ማዶ እያመለከቱ፣ «ሴት በማይገባበት ደሴት አንድ የእስቴ አባት አሉ» አሏቸው።

ወደዚያ ደሴት ስንደርስ ወንዶቹ ወጡ። እኔና እሜቴ ጥሩወርቅ ጀልባዋ ውስጥ፣ በደንገሉ ዳር ቀረን። እሜቴ ዳገቱን የሚወጡትን ባላቸውን እያዩ ብዙ ቆዩና፣ «እንዳልናገር በሚካኤል አስምለውኛል፤ ግን ሚካኤልም ሰልችቶታል» ብለው ጀመሩ።

«ያን ለት ያልተነሱት ሱሪያቸው ተቀዶ ነው።»

የሰማሁትን አላመንሁም። «የቱ ሱሪ?»

«ያ የካኪ ተፈሪ ሱሪ። መቀመጫው ላይ ስፌቱ ለቅቆ ነበር። ልብስ ሰፊ ጋ ይሂድ ብላቸው ተዝካሩ ነገ ነው አሉኝ። እኔ በመርፌ ጠቅ ጠቅ አደረግሁት። ዳሱ ውስጥ ሲቀመጡ ተተረተረ አሉኝ፤ እስከ ጉልበታቸው። ቢነሱ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሟች ተዝካር ላይ…» አልጨረሱትም። እኔ መሳቅ ጀመርሁ። እሜቴ ግን እያለቀሱ ነበር። «ስፌቱ የእኔ ነው ልጄ። አገሩ ርስት ነው መተት ነው ሲል እኔ ነኝ የማውቀው። እሳቸውም ለመናገር አፍረው፣ ሳይናገሩ በመቅረታቸው ደግሞ አፍረው፣ ይኸው በሁለት እፍረት ሊሞቱ ነው።»

ሳቄን አቆምሁ።

ወንዶቹ ሲመለሱ ባላምባራስ አስቀድመው ገብተው ተቀመጡና ውሃ ውሃውን አዩ። አያ ደምሴ ሹክ አሉን። «የእስቴ ሰው መጥቷል ብለን ብናስልክባቸው፣ እስቴ ሰው የለኝም ብለው ላኩብን።» አስረስ ሞተሩን አስነሳ።

ከዳር ብዙም ሳንርቅ ደሴቷን ስንዞር፣ ከአለቱ ጫፍ ላይ አንድ መነኩሴ ዘንቢል ይዘው እጃቸውን አወዛወዙ። አስረስ መነኮሳትን በነጻ ያሻግራል፤ ልማዱ ነው። ጀልባዋን አስጠጋ። መነኩሴው ፀሐዩ ዓይናቸውን እየወጋቸው፣ ማን እንደ ተሳፈረ ሳያዩ፣ ሎሚ የሞላ ዘንቢላቸውን አስቀድመው ገቡ። ጀልባዋ ከአለቱ ለቀቀች። ቀና ሲሉ ከባላምባራስ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። የድሮው ቄስ ፈንታ፣ የዛሬው አባ ፈንታ ነበሩ።

ባላምባራስ ተነሱ። ካባቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሙሉ ቁመታቸውን፣ «ኖር!» አሉ። ጀልባዋ ወደ ግራ አዘነበለች።

እንግዲህ የእስቴ ሰዎች ነን። ባላምባራስ ተነስተው ማን ይቀመጣል? አያ ደምሴ ከጧት ጀምሮ የጨበጡትን ጠርዝ ለቀው «ኖር!» ብለው ተነሱ። እሜቴ ተነሱ። እኔም፣ ከተሜ ነኝ ባይዋ፣ የአስረስን ትዕዛዝ ስደጋግምላቸው የዋልሁት፣ ተነሳሁ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ተጣለች፤ ውሃው በጠርዙ ዘሎ ገባ፤ ዘንቢሉ ተገልብጦ ሎሚው እግራችን ሥር ይንሳፈፍ ጀመር።

«ተቀመጡ! በማርያም ተቀመጡ!» ብሎ አስረስ ጮኸ።

የሚቀመጥ የለም። እንዴት ይቀመጣል? መጪው «በእግዜር» አላለማ። ሁላችንም የአባ ፈንታን አፍ አፍ እናያለን። አባ ፈንታ የጀልባዋን ጥላ ቋሚ እንጨት ይዘው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ ባላምባራስን ብቻ ያያሉ። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ።

«በሚስቴ ተዝካር ያልተነሱ ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «ዛሬ ምን አስነሳዎት?»

ባላምባራስ ላብም ውሃም ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ሞት ከፊታቸው፣ እፍረት ከኋላቸው ቆሞ የትኛውን እንደሚመርጡ ያሰቡ ይመስለኛል፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጊዜ ወሰዱ።

«ዛሬ ሱሪዬ ደህና ነው አባቴ» አሉ።

«ምን?»

«ያን ለት ተቀዶብኝ ነበር። ከኋላዬ። እስከ ጉልበቴ።»

«የእኔ ስፌት ነው አባቴ!» ብለው እሜቴ ጮኹ። «እሳቸው የሉበትም፣ እኔ ነኝ!»

«አባቴ» አሉ አያ ደምሴ፣ «የሱሪውን ነገር ኋላ እንጨዋወተዋለን፤ መጀመሪያ በእግዜር ይበሉን!»

አባ ፈንታ ባላምባራስን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። ያን ዳስ እንደገና ያዩት ይመስለኛል፤ ያን ጉልበት ላይ የተጠበቀ ጋቢ። «በእግዜር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «በእግዜር! በእግዜር ተቀመጡ!» ሁላችንም በአንድ ጊዜ ዱብ አልን። ጀልባዋ አንዴ ተንገዳግዳ ቀጥ አለች።

ውሃውን በጣሳ እየቀዳን ስንደፋ ሁለቱ ሽማግሎች ሎሚ ይለቅማሉ። «ስንት ዘመን ምን በድዬው ይሆን ስል ኖርሁ» አሉ አባ ፈንታ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሆነብኝ። ምነው አንድ ቃል ቢነግሩኝ?»

«ምን ብዬ? እርስዎ ሚስትዎን ቀብረው እኔ ስለ ሱሪዬ ላውራ? እርስዎስ ምነው ቢጠይቁኝ?»

«ምን ብዬ? ለምን አልተነሳህልኝም ብሎ ቄስ ይጠይቃል?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ጨዋ ሰው ሲጣላ አስታራቂ የሚያጣው፤ ሁለቱም ወገን ጥፋት የለበትም። እሜቴ ጥሩወርቅ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው ተረቱ። አባ ፈንታ ሳቅ ጀመራቸው። ሳቃቸው ለባላምባራስ ተረፈ፣ ከዚያ ለአያ ደምሴ፣ ከዚያ ለሁላችን። ያልሳቀ አስረስ ብቻ ነበር። «ከእንግዲህ የእስቴ ሰው የምጭነው አስሬ ነው» አለ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሁለቱ ሽማግሎች ከዋርካ ሥር ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ባላምባራስም ንስሐቸውን ገቡ። እኛ ከሩቅ ሆነን ጀርባቸውን እናያለን። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ባላምባራስ ንስሐቸውን አቋርጠው እየተነሱ ስለነበር ነገሩ እስከ ማታ ቆየ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ክረምቱንም፣ እሜቴን አሳፍረው፣ አለፉት። ያረፉት መስቀል ሲጠባ ነው።

ቀብራቸው አመለጠኝ፤ ለተዝካራቸው ግን እስቴ ሄድሁ። ዳሱ ሞልቷል። እሜቴ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው በአንድ ጥግ ተቀምጠዋል፤ የባላምባራስ መቀመጫ ላይ ሊቀመጥ ማንም አልደፈረም፣ ባዶውን ነው። አባ ፈንታ እግራቸውን እያመማቸው፣ ከደሴታቸው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ በበትር ተደግፈው ገቡ። ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ግልብጥ ብሎ ተነሳ።

አባ ፈንታ መልስ ሳይሰጡ ባዶውን መደብ አዩት። «እሜቴ» አሉ፣ «ባላምባራስ ዛሬም አልተነሱልኝም።»

«ምን ያድርጉ አባቴ» አሉ እሜቴ ጥሩወርቅ፤ «ዛሬም የለበሱት የሚያስነሳ አይደለም።»

አባ ፈንታ ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ብዙ አለቀሱ። እኛም «በእግዜር» እስኪሉን ድረስ፣ ዳስ ሙሉ ሰው፣ እንደ ቆምን ቀረን።